እንግዳ ይሸኛል

ጥቅምት 2

አላዞረኝም።

ሐኪሙ በየቀኑ ይጻፉ ብሎኛል። ያዞረኝ እንደሆነ፣ የበላሁትን፣ የወጣሁበትን። "መጻፍ ይችላሉ አይደል፣ አባባ?" አለኝ ደግሞ፣ ዝቅ ብሎ፣ ለሕፃን እንደሚያወሩት። እችላለሁ። ቀስ ብዬ ነው እንጂ እችላለሁ። ባለቤቴ ናት ያስተማረችኝ፤ ከተጋባን በኋላ፣ በጫማ ካርቶን ላይ እየጻፈች። ከእስክሪብቶ ወስፌ ይቀናኛል እንጂ ፊደሉንስ አውቀዋለሁ።

በላሁ፦ ዳቦ በሻይ። ወጣሁ፦ እስከ ሱቅ። ሥራ፦ የባለሱቋን ልጅ ጫማ ሶል ለጠፍኩ። ይሄም ይጻፋል? ይጻፍ።

ጥቅምት 5

ልጄ ከነባሏ መጣች። ግቢ ውስጥ መውደቄን ዛሬም አነሳች። አንዴ ነው የወደቅኩት። አንዴ!

"አንድ ቀን ወድቀህ ብትሞት ማን ያውቃል፣ አባዬ?"

"የሞተ ሰው ቢታወቅ ባይታወቅ ምን ቸገረው?"

አማቼ ሳቀ። እሷ ዓይኗን አፈጠጠችበት፣ ሳቁን ዋጠው። ደግ ሰው ነው ግን ሚስቱን ይፈራል። ጥሩ ነው፤ እኔም እፈራ ነበር።

ነገሯ ሁለት ነው። ወይ እሷ ዘንድ ልግባ፣ ወይ ቤቴ ሰው ላስገባ። እሷ ዘንድ ማለት ፎቅ ማለት ነው። አንዴ መዶሻ ባሰማ ከታች ያለችው ጎረቤት በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያዋን የምትደበድብበት። እዛ ምን ልሠራ? መስኮት ላይ ተቀምጬ የሰው አናት ቁልቁል ላይ? ከዛ ላይ እኮ ጫማ አይታይም።

"ሰው አስገባለሁ" አልኩ። ዝም ትበል ብዬ ነው።

ዝም አላለችም።

ጥቅምት 9

ትንሽ አዞረኝ፣ ከወንበር ስነሳ። ለማንም አልነገርኩም።

አማቼ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራ ጓደኛ አለው። ተለዋውጠው የሚማሩ ተማሪዎች አሉ አሉ። የኛዎቹ ወደ ሰው አገር ይሄዳሉ፣ የሰው አገሮቹ ወደኛ ይመጣሉ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ሁሉም ወደየቤቱ። "ለቅሶ ቤት ጫማ እንደመሳሳት ነው በለኛ" አልኩት። ከነዚህ አንዱን አምጥቶ ሊያሳድርብኝ ነው። ጎበዝ፣ ጨዋ ወንድ ልጅ ነው ተብሏል።

ልጄ ቃል አስገባችኝ። ተማሪው እስከ ዓመቱ መጨረሻ ከቆየ ስለ ፎቁ አታነሳም። አማርሮ ከወጣ ግን ወስፌዬን ጠቅልዬ እሷ ዘንድ እገባለሁ።

"እሺ በል።"

"እሺ።"

"አፍህን ሞልተህ በል።"

"እሺ አልኩሽ እኮ! ማን አባቱ ነው የሚያማርረው? እኔ ሰው አማርሬ አውቃለሁ?"

ሁለቱም ጣሪያ ጣሪያውን አዩ።

ጥቅምት 15

መጣ። ሴት ናት።

አማቼ ይሳሳት፣ ጓደኛው ይሳሳት፣ እንጃ። ልጄ የግቢው በር ላይ ቆማ ፊቴን ታያለች፣ እምቢ ይላል ብላ። እምቢ ብል ፎቅ ነው። "ትግባ" አልኩ።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ልጅነቷ ያልለቀቃት። ሻንጣዋ እሷን ያክላል። አንዱ ጎማ ተነቅሎ ከአውሮፕላኑ ጀምሮ እየጎተተችው ነው የመጣች። ቋንቋችንን አገሯ ተምራለች። ትናገራለች፤ ግን እንደ ሬዲዮ ዜና ነው። "ጌታዬ፣ በቤትዎ ስለተቀበሉኝ ከልብ አመሰግናለሁ" አለችኝ። ጌታዬ! ልጄ በሳቅ ግድግዳ ደግፋ ቆመች።

ስሟን ደጋግማ ነገረችኝ። ምላሴ ላይ አልቆም አለ። ለውሃው አመሰግናለሁ፣ ለፎጣው አመሰግናለሁ፣ በር ብከፍትላት አመሰግናለሁ። እኔም እዚህ ደብተር ላይ አመስጋኟ ብያታለሁ።

የባለቤቴን ክፍል ሰጠኋት። የስፌት መኪናዋ ግን አይነሳም።

"ቦታ ይይዛል፣ አባዬ።"

"መኪናው ቀድሞ ነው የገባው።"

ጥቅምት 16

አላዞረኝም።

አመስጋኟ ጧት ወደ ዩኒቨርሲቲው ስትወጣ ሸኘኋት። እንግዳ ይሸኛል፤ ይሄ መቼም አይጠየቅም። ባለቤቴ ነፍሷን ይማረው፣ እንግዳን ከበር ሸኝታ አትመለስም፤ እስከ አስፋልቱ ነበር። እኔን ደግሞ፣ አርባ ዓመት ሙሉ ወደ ሥራ ስወጣ እስከ ግቢው በር ተከትላኝ "በደህና ግባ" ብላ በሩን ከኋላዬ ትዘጋው ነበር። አሁን ራሴ ነኝ የምዘጋው። ወጥቼ፣ ዞሬ፣ መወርወሪያውን ስቤ። አንዳንዴ መዝጋቴን እረሳና ከመንገድ እመለሳለሁ።

ጎን ለጎን ልሄድ ብዬ ተውኩት። ሽማግሌ ከወጣት ሴት ጎን ሲሄድ የሰፈር አፍ ሥራ አይፈታም። ደግሞም እሷ ትሮጣለች እንጂ አትሄድም። ራቅ ብዬ ከኋላ ሄድኩ። አውቶቡስ ላይ ስትወጣ አይቼ ተመለስኩ።

ጥቅምት 18

የክፍሏን ቁልፍ ጠየቀችኝ። የምን ቁልፍ? ሰው ባለበት ቤት ቁልፍ ምን ይሠራል? "እኔ ሁልጊዜ አለሁ፣ አትስጊ" አልኳት። አመሰግናለሁ አለች፤ ግን ፊቷ ላይ አልነበረም።

ጥቅምት 20

መንገድ ላይ አዞረኝ። አሁንም እየሸኘኋት ነበር፣ ግድግዳ ያዝኩ። እሷ ደግሞ ልክ ያኔ ዞር አትልም! ቶሎ ብዬ የልብስ ሱቁን መስኮት ማየት ጀመርኩ። የሴት የውስጥ ልብስ ነው የተሰቀለው ለካ። ምን ላድርግ፣ እሱኑ አየሁ።

የሚያዞረው ሽማግሌ ቤት ነው ያስገቡኝ ብላ ብትወጣስ? ልታየኝ አይገባም።

ጥቅምት 23

ማታ ማታ ወንበር እየጎተተች በሩ ላይ ታስጠጋለች። እሰማዋለሁ። ንፋስ ይሆናል፤ ያ በር ሁሌም ከሥሩ ንፋስ ያስገባል፣ ባለቤቴም ታማርር ነበር። ዛሬ ትምህርት ቤት ሳለች ከበሩ ሥር ወፍራም ቆዳ መታሁበት። የሻንጣዋንም ጎማ ሠራሁ።

ስትመለስ ቆዳውን ነካች፣ ጎማውን አየች።

"ክፍሌ ገብተው ነበር?"

"አዎ" አልኳት። ሌላ በምን ይሠራል?

አመሰግናለሁ አላለችም። ደክሟት ይሆናል።

ጥቅምት 27

ከናቷ ጋር በስልክ ታወራለች። ቋንቋው አይገባኝም። ለቅሶው ይገባኛል።

የሰው አገር መቼም... እኔ እንኳን እዚሁ ልጄ ፎቅ ድረስ ሂድ ብለውኝ ይሄው ስንት ቀኔ ነው እንቅልፍ ካጣሁ። እሷ ባሕር አቋርጣ ነው የመጣች። ሾርባ ሠርቼ በሯ ላይ አስቀመጥኩ። ሳህኑ ታጥቦ ተመለሰ። ጠጥታው ይሁን ደፍታው እንጃ።

ኅዳር 1

አላዞረኝም።

ጫማዋ ተረከዙ ወደ ውስጥ ይበላል። ጧት ሌላ ጫማ አድርጋ ይሄን በር ላይ ትታው ሄዳ ስለነበር አንስቼ ሠራሁት። ሶል ለወጥኩ፣ ተረከዙ ላይ ብረት መታሁበት፣ እንግዲህ ዕድሜ ልኳን አይበላም። ድምፅ ያሰማል ትንሽ። ሲረግጡት ቀጭ ቀጭ ይላል።

ስታየው ቀለሟ ተለወጠ።

"ጫማዬን ወሰዱት?"

"መለስኩት እኮ።"

ዛሬም አመሰግናለሁ የለም። ስሟን መለወጥ ሊኖርብኝ ነው።

ኅዳር 4

ዛሬ ስሸኛት በሌላ መንገድ ሄደች። በመጋዘኖቹ በኩል፤ ዙሪያ ጥምጥም ነው። መንገዱ ጠፍቶባት ነው ብዬ ቶሎ ቶሎ እያልኩ ተከተልኳት። ዞር ብላ ስታየኝ ሮጠች። አውቶቡሱ ሊያመልጣት ነው መሰለኝ። እኔም ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ!

ትንፋሼ እስካሁን አልተመለሰም።

ኅዳር 8

ዩኒቨርሲቲው ውስጥ በእንግዶች ጉዳይ የምትሠራ ሴትዮ መጣች። መነጽር ያላት፣ ትሕትና ያላት። ሻይ አቀረብኩላት። አልነካችውም።

"አባቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው፣ እንዳይቀየሙኝ።"

"ጠይቂ።"

"ልጅቷ ፈርታለች።"

"ማንን?"

ብርጭቆውን በጣቷ አዞረችው። "እርስዎን።"

...

ይከተሉኛል ብላለች ልጅቷ። በየቀኑ። ስዞር ግድግዳ ይጠጋሉ፣ ይደበቃሉ፣ መንገድ ብቀይር እየሮጡ ይመጣሉ። ቁልፍ ከለከሉኝ። ክፍሌ ይገባሉ። ጫማዬን ይወስዳሉ። ወንበር በር ላይ አስደግፌ ነው የማድረው።

ወንበሩ! እኔ ንፋስ መስሎኝ...

ሴትዮዋ ታየኛለች። መልስ ትጠብቃለች። ምን ብዬ ልመልስ? እንግዳ ይሸኛል ብዬ ላስረዳ? ይሄም ማስረዳት ይፈልጋል? ሰው እጁን ወደ አፉ ስለ ምን እንደሚያደርስ ያስረዳል እንዴ? ደሜ ፊቴ ላይ ወጣ። ሌባ አደረጉኝ፣ ባለጌ አደረጉኝ፣ በገዛ ቤቴ፣ በባለቤቴ ፎቶግራፍ ፊት።

"ከነገ ጀምሮ ከወንበሬ አልነሳም፣ በያት" አልኩ።

ሴትዮዋ ስትሄድ የተማሪዎች ማደሪያ አልጋ ሊለቀቅ ነው አለች። ልጅቷ ከፈለገች በዚህ ወር መጨረሻ ትገባለች። ሁለት ሳምንት ቆይታ፣ ሰኞ ቀን መልስ ትሰጣለች።

እሷንም አልሸኘኋትም። በሩን ራሷ ዘግታ ወጣች።

ኅዳር 9

አልሸኘሁም። ጀርባዬን ሰጥቼ ቆዳ ስቆርጥ ዋልኩ። ቆረጥኩ እንጂ ምን እንደምሠራው አላውቅም ነበር።

ኅዳር 10

ቁልፉን ስፈልግ ዋልኩ። የምስማር ቆርቆሮ ሥር አገኘሁት፣ ዝጎ። በዘይት አሸሁት። በሯ እጀታ ላይ አንጠልጥዬ መጣሁ። ክፍሏ አልገባሁም። ደጁ ላይ ነው የቆምኩት። እዚህ ይጻፍልኝ፤ አልገባሁም።

ኅዳር 12

አዞረኝ፣ ሁለቴ።

ልጄ ሰምታ መጣች።

"አባዬ፣ ምን አደረግካት?"

"ምንም።"

"ታዲያ ለምን ፈራችህ?"

"እሷን ጠይቂያት።"

"ሸኘኋት አትልም? አንድ ቃል ነው እኮ! እኔ አውቅሃለሁ፣ እሷ በምን ትወቅህ?"

"ሌባ ነው የሚያስተባብል።"

ጭንቅላቷን ያዘች። "እናቴ ሁለታችሁንም እንዴት ቻለቻችሁ" አለች፣ እኔንና ግትርነቴን ማለቷ ነው። ከዛ ሜትር አወጣችና የሥራ ጠረጴዛዬን ለካች። የፎቋ ሰገነት ላይ ይገባል አለች። ሰገነት! ልብስ የሚሰጣበት። መዶሻውንስ? "ጨርቅ ጠቅልለህበት ትመታለህ።"

ጨርቅ በተጠቀለለበት መዶሻ ምን ይመታል? ትንኝ?

እሷም አዝናለች ግን። ቁጥሩ እየጠፋባት ደጋግማ ነው የለካችው። የወደቅኩ ዕለት ያገኘችኝ እሷ ናት።

ኅዳር 15

ሁለታችንም እንደ ባዳ እየኖርን ነው። እሷ በእግሯ ጣት ትራመዳለች፣ እኔ ጉሮሮዬን ሳልጠርግ ከክፍል አልወጣም፣ መጣሁ ለማለት። ገና ስትገባ ቁልፉ ይሽከረከራል። ወንበሩ ግን አይጎተትም። ይሄም አንድ ነገር ነው።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እኔ ግን የነቀዝኩ መሰለኝ።

ኅዳር 18

ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቋ ነገር ሳይኖራት ሰው አትጠራም፤ ዛሬ ከሩቅ ጠራችኝ።

"ጋሼ! ያቺ እንግዳዎት ትላንት መጥታ ነበር።"

"ታዲያስ?"

"'ዛሬ ሸኚሽ የት ቀረ?' አልኳት። 'ምን ማለት ነው ሸኚ?' አለችኝ። እኔማ ነገርኳታ! እንግዳ ነሽና ነው፣ ብቻሽን እንዳትሄጂ ነው፣ እኔንም ያኔ ባሌ ሆስፒታል ተኝቶ ስንቅ ይዤ ስመላለስ እንዲሁ ከኋላዬ እየመጡ እስከ አስፋልቱ ሸኝተውኛል አልኳት። 'ለምን ጎን ለጎን አይሄዱም?' ትለኛለች ደግሞ!"

"አንቺ ምን አልሽ?"

"'የኔን አፍ ፈርተው ነዋ' አልኳታ።"

ሳቀች። ቁጣዬ መጣ።

"ማን ጠበቃዬ ሁኚ አለሽ?"

"ማንም። ዳቦ ልጠቅልልዎት?"

"ጠቅልይ።"

ኅዳር 19

ዛሬ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቀጥታ ክፍሏ አልገባችም። የሥራ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመች። አንገቴን አላነሳሁም። ጫማዋን ነው ያየሁት። የሠራሁት ነው፣ ተረከዙ ቀጥ ብሏል።

"አባባ" አለች። ጌታዬ አይደለም። ባለሱቋ ናት ያስተማረቻት፣ እርግጠኛ ነኝ።

"ለምን አልነገሩኝም?"

"ለምን አልጠየቅሽኝም?"

"ፈርቼ።"

ክር በወስፌው ማስገባት ያዝኩ። አልገባ አለኝ። እጄን አየችው።

"በኔ አገር ሰው ከኋላ ሲመጣ... መጥፎ ነው" አለች። "እናቴ ገና ትንሽ ሆኜ ነው ያስተማረችኝ። መንገድ ቀይሪ፣ ሩጪ ብላ።"

እንዲህ ነው ለካ። እናቷ ሩጪ አለቻት፣ እኔ ደግሞ ሮጬ ተከተልኳት። ልጄ ብትሆን ምን እላት ነበር? ሩጪ ነው የምላት።

"አስፈራሁሽ" አልኳት። ይቅርታ የሚባለውን ቃል አላልኩትም። ግን ይሄም ከሱ ብዙ አይርቅም።

ተቀመጠች፣ ደምበኛ በሚቀመጥባት ዱካ ላይ። ጉልበቷ ጆሮዋ ጋ ደረሰ።

"አንድ ነገር ግን አልገባኝም" አለች። "እኔ ስዞር ለምን የልብስ ሱቁን ያያሉ? ያ ሱቅ..."

"አውቃለሁ ምን እንደተሰቀለበት!"

ሳቀች። የሷን ሳቅ ከመጣች ሰምቼው አላውቅም። ልክ እንደ ዳክዬ ነው። እኔንም አመለጠኝ።

ከዛ እውነቱን ነገርኳት። ምን ነካኝ? ለልጄ ያልነገርኩትን። "ያዞረኛል። ግድግዳ ስይዝ እንዳታይ ነው። የታመመ ሰው ቤት ነኝ ብለሽ እንዳትወጪ። አንቺ ከወጣሽ እኔም ከዚህ ቤት እወጣለሁ፤ ከልጄ ጋር ውላችን እንዲያ ነው።"

ሳቋን አቆመች። መዶሻውን አየች፣ የጫማ ፎርማዎቹን አየች፣ የባለቤቴን ፎቶግራፍ አየች።

"ሰኞ መልስ እሰጣለሁ ብያለሁ" አለች።

"ስጪያ። በኔ ምክንያት ግን አትቀሪ። እኔ በምጽዋት የምኖር ሰው አይደለሁም።"

ይቺን መጨረሻዋን ምን አናገረኝ? ምላስ አጥንት የለውም። ተነስታ ክፍሏ ገባች።

ኅዳር 20

አላወራንም። ፈተና አለባት መሰለኝ፣ በወረቀት ተከባ ነው የዋለች። ወይ ደግሞ ሻንጣ እያዘጋጀች። ጎማውን ሠርቼላታለሁ፣ አሁን በደንብ ይሽከረከራል። አይ ሞኝነቴ።

ኅዳር 21

ነገ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ አለኝ። አማቼ በመኪና ላድርስህ አለ፤ ለኔ ብሎ ከሥራ ይቅር? ራሴ እሄዳለሁ አልኩት። ኮቴን ቦረሽኩ። ጫማዬን ቀለም ቀባሁ። የጫማ ሠሪ ጫማ መቼም...

ኅዳር 22

ሐኪም ቤት ደርሼ መጣሁ። በሥርዓቱ ልጻፈው።

ጧት ወጣሁ። ዞሬ የግቢውን በር ዘጋሁ፣ መወርወሪያውን ሳብኩ። ቅዳሜ ስለሆነ እሷ ትተኛለች ብዬ ቀስ አድርጌ ነው። እስከ መታጠፊያው ሄድኩ።

ቀጭ ቀጭ።

የራሴን ብረት አላጣውም። ከኋላዬ ነው። ቆምኩ። ቆመ። ሄድኩ። ሄደ። ድንገት ዞር አልኩ።

አመስጋኟ ናት። የልብስ ሱቁ መስኮት ላይ ተለጥፋ በጣም አጥብቃ ታያለች። ዛሬ የወንድ ካልሲ ነው የተሰቀለው።

መንገዴን ቀጠልኩ። ምን ልበላት? ሰው እየሸኙት ዞር ብሎ አይጨቃጨቅም። ባለሱቋ ደጇ ላይ ቆማ እያየች አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጣል።

አስፋልቱ ጋ ስደርስ አዞረኝ። ደህና አድርጎ ነው። የመብራት ምሰሶውን ያዝኩ። ያኔ ጫማው ፈጠነ፣ ቀጭቀጭቀጭ፣ ግን አልነካችኝም። አጠገቤ መጥታ ቆመች። አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው መንገዱን ታያለች። ሲለቀኝ ምሰሶውን ለቀቅኩ።

"እዚህ ድረስ ይበቃል፣ ተመለሽ" አልኳት።

"አይበቃም" አለች።

"ሰው ያየናል።"

"ይየን፣ አባባ።"

አውቶቡስ ላይ አብረን ወጣን። ሐኪሙ "ያዞርዎታል?" ሲለኝ "አልፎ አልፎ" ልል ስል እሷ ከጥግ "ዛሬም አዞሯቸዋል" አለች፣ ጥርት አድርጋ፣ እንደ ሬዲዮዋ። ሐኪሙ መድኃኒት ቀየረልኝ። ለካ ያዘዘልኝ የግፊት መድኃኒት ለኔ በዝቶ ነው የሚያዞረኝ። ስንት ወር "አልፎ አልፎ" እያልኩት ከረምኩ።

ስንመለስ ጎን ለጎን ነበርን። የሰፈሩ አፍ ያውራ። እኔ ቀስ ብዬ፣ እሷ እየዘገየች። አልለመደችውም፣ መዘግየት ያስቸግራታል።

ኅዳር 24

ሰኞ ነው።

ሄደች። አልሸኘኋትም። እንድሸኛት ትፈልግ አትፈልግ አልጠየቅኳትም። ቀኑን ሙሉ አንድ ጫማ ስሠራ ዋልኩ፤ ሠርቼ ስጨርስ ሁለቱም የግራ እግር ናቸው። አይ፣ ልቤ የት እንዳለ...

አመሻሹ ላይ ልጄ ደወለች።

"አባዬ፣ ምን ብለህ አታለልካት?"

"ማንን?"

"አልጋውን አልፈልግም ብላለች። ለሌላ ሰጡት። ሴትዮዋ ሁለቴ ጠየቀቻት፣ 'እርግጠኛ ነሽ?' ብላ። 'እዛ የሚሸኘኝ የለም' አለቻት አሉ።"

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩት።

"አለህ?"

"አለሁ።"

"እያለቀስክ ነው?"

"ማስቲሽ ነው። ያቃጥላል።"

"ስለ ያዞረኛል ነገር ግን እንነጋገራለን" አለች። ለካ አመስጋኟ ያንንም ነግራታለች። ወሬ አትቋጥርም ለካ! "መድኃኒቱን በየጠዋቱ እሷ ታየዋለች። እኔም በየእሁዱ እመጣለሁ። እሺ በል።"

"እሺ።"

አፌን ሞልቼ ነው ያልኩት።

አመስጋኟ ስትገባ ሾርባ ቀዳሁላት። ስፌት መኪናውን ወደ ጥግ እንድገፋላት ትፈልግ እንደሆነ ጠየቅኳት፣ ወንበሯ እንዲመቻት። አስባ "ይቅር፣ እሱ ቀድሞ ነው የገባው" አለች። ማን ነገራት? ልጄ ናታ።

ታኅሣሥ 3

አላዞረኝም።

ጧት ሸኘኋት፣ ጎን ለጎን፣ እስከ አስፋልቱ። መንገድ ላይ ስሟን አስጠናችኝ። አሁን ይወጣኛል፤ ልክ መሆኑን እሷ ትወቅ፣ ሰምታ ትስቃለች። እዚህ ደብተር ላይ ግን አመስጋኟ እንዳለች ትቆይ፣ ለምዶብኛል።

ከሰዓት እሷ እቤት ሳለች እኔ ቆዳ ልገዛ ወጣሁ። እስከ ግቢው በር ተከትላኝ መጣች፣ መጽሐፏን በጣቷ ይዛ፣ በነጠላ ጫማ።

"በደህና ግባ" አለችኝ። ለሽማግሌ እንደዛ እንደማይባል አላረምኳትም።

ወጣሁ። በሩን አልዘጋሁም። ጥቂት ሄጄ ከኋላዬ መወርወሪያው ሲሳብ ሰማሁ። ዞር አላልኩም።